የኒኬሏ ሙሽራ

ሙሽሪት የለችም።

መጀመሪያ ያየው ቴክኒሻኑ ነው። ጠዋት የላቦራቶሪውን በር ከፍቶ ገባ። መብራቱን አበራ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ትልቁ ብርጭቆ እንዳለ አለ። ፈሳሹም አለ። ሽቦዎቹም አሉ። አንደኛው ሽቦ ጫፍ ላይ ያለው መቆንጠጫ ግን አፉን ከፍቶ ባዶውን ተንጠልጥሏል።

ጎንበስ ብሎ ከጠረጴዛው ሥር አየ። መሳቢያዎቹን ከፈተ። ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ስልኩን አወጣ።

«ሙሽሪት» የሚሏት መዳፍ የምታክል የኒኬል ዝርግ ናት። እንደ ሰፍነግ የተበሳሳች፣ የላቦራቶሪው ኃላፊ ዶክተሩ በገዛ እጁ ሁለት ዓመት ሙሉ ልባስ ሲደርብባት የኖረባት። በባዶ እጅ አትነካም። ነጭ ጨርቅ ተከናንባ ነው የምታድረው፤ ስሟም ከዚያ መጣ። ፖታሽ በተበጠበጠበት ውኃ ውስጥ አልኮል ተጨምሮ ኤሌክትሪክ ሲለቀቅባት አልኮሉን ወደ አሲድ ትለውጠዋለች። እሷ ግን አታልቅም። ካታሊስት የሚባለው እንዲህ ያለው ነው፤ ደግሶ የማይበላ።

በማግስቱ እንግዶች ሊመጡ ነበር። ላቦራቶሪው ያለው ከአልኮል ፋብሪካው ጀርባ ነው፤ የሚመጡትም የፋብሪካው ባለቤቶች ናቸው። ሙሽሪት ፊታቸው ከሠራች ሥራው ይቀጥላል። ካልሠራች በሩ ይዘጋል።

በሩ አልተሰበረም። መስኮቱ የብረት ፍርግርግ አለው። የበሩ ቁልፍ ያላቸው ዶክተሩ፣ ቴክኒሻኑና የሌሊት ዘበኛው ብቻ ናቸው። ሁለቱ ቤታቸው አድረዋል። ዘበኛው እዚያው ነው ያደረው።

ምሳ ሳይደርስ ዘበኛው ታሰረ።

*

የዘበኛው የእህት ልጅ ወሬውን የሰማችው ሥራ ቦታዋ ሆና ነው። ባሕር ማዶ ኬሚስትሪ ተምራ ከተመለሰች ዓመት አልሞላትም። የከተማውን የመጠጥ ውኃ ከሚመረምር ቢሮ ተቀጥራ ጠርሙስ ስታገላብጥ ትውላለች። አንድ ቦታ መርጋት አይሆንላትም። እዚያ ሳለች ልቧ እዚህ ነበር፤ እዚህ ከመጣች ወዲህ ደግሞ ልቧ የት እንዳለ ራሷም አታውቅም። አንዳንድ ጠዋት ሻንጣዋን ከአልጋ ሥር ስባ ታየውና መልሳ ትገፋዋለች።

ያሳደጋት አጎቷ ነው። ለትምህርት ስትሄድ ለላካት መሥሪያ ቤት «ተመልሳ ትመጣለች» ብሎ ዋስ ሆኖ የፈረመላትም እሱ ነው።

ሾርባ ይዛ ጣቢያ ሄደች።

«ጋሼ፣ ነክተሃታል?»

«ማንን?»

«ሙሽሪትን።»

«እኔ ያቺን የብረት ወንፊት ምን ላድርጋት? ዱቄት ልነፋባት ነው?»

ሊስቅ ሞከረ። ማንኪያው እጁ ላይ ተንቀጠቀጠና ሾርባው ጉልበቱ ላይ ፈሰሰ። ግንባሩ በላብ ርሷል። ፈርቷል፣ አለች በልቧ። በዚህ ዕድሜው እስር ቤት ሲገባ የማይፈራ ማነው? አፉ እንደ ወትሮው ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይላል። ከተመለሰች ጀምሮ ቅርንፉድ ሳያኝክ አይታው አታውቅም።

«የጥርስህ ሕመምስ?»

«አለ። እንደ ክፉ ጎረቤት ነው፤ አይለቅም።»

«ሌሊት ማንም አልመጣም?»

«ማንም።»

«እንቅልፍስ አልወሰደህም?»

ዓይኑን ወደ ግድግዳው መለሰ። «ትንሽ ሸለብ አርጎኛል፣ እናቴ።»

ከኋላዋ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። መርማሪው ነው። ባልደረቦቹ «ቀስ በቀስ» ይሉታል። ሲናገር በቃልና በቃል መካከል ሻይ ጠጥቶ የሚመለስ ይመስላል።

«ኬሚስትሪ ነው አሉ የተማርሽው» አላት።

«ነው።»

«የላቦራቶሪው ሰዎች ጠዋት ሙሉ ሲያወሩልኝ ዋሉ። የገባኝ ‹ጠፋች› የሚለው ብቻ ነው። ነይና አስተርጉሚልኝ።»

«አጎቴ እኮ ነው የታሰረው።»

«አውቃለሁ። ለሱ ብለሽ ከዋሸሽኝ አውቅብሻለሁ። ቀስ ብዬ ነው እንጂ አውቃለሁ።»

*

ዶክተሩ መላጣ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው ነው። ቆሞ ነው የተቀበላቸው። ዓይኑ ሥር ጠቁሯል።

«መጨረሻ ያዩአት መቼ ነው?» አለ መርማሪው።

«ትናንት አመሻሽ ላይ። ፎቶ አንስቼ ለፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ልኬላታለሁ።» ስልኩን ዘረጋ። ምስሉ ጥርት ያለ ነው። ብርጭቆው፣ ፈሳሹ፣ መካከል ላይ እንደ ከሰል የጠቆረች ሙሽሪት። ከጎኗ የኤሌክትሪክ ሳጥኑ፣ መብራቱ የጠፋ። «ኤሌክትሪክ ሲለቀቅባት አረፋ ታወጣለች። አረፋው ምስሉን እንዳያበላሽብኝ አጥፍቼ፣ ትንሽ ጠብቄ ነው ያነሳሁት።»

«ከዚያስ?»

«በጨርቅ ሸፍኛት ወጣሁ። ዘበኛው ደግሞ ገባ።»

«ዘበኛውን ይጠረጥሩታል?»

ዶክተሩ ሸሚዙን ነካካ። «ሰው ላይ ጣቴን አልቀስርም። ጥሩ ሰው ነው። አልኮሉ ያለበትን ዕቃ ቤት ቁልፍ ብቻውን እንዲይዝ የሰጠሁት እኮ መጠጥ የማይቀምስ እሱ ብቻ ስለሆነ ነው።»

የእህቱ ልጅ በኩራት ቀና አለች። እውነት ነው። ስትሄድ አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ «አንቺ እስክትመለሺ አልቀምስም» ብሎ የማለላት ለሷ ነው።

ክፍሉን ዞረች። እግሯ አላርፍ አለ። መደርደሪያው ላይ ጠርሙሶች ተደርድረዋል። አንዱ ዓይኗን ያዘው፤ ደማቅ አረንጓዴ ፈሳሽ፣ ዝናብ እንደጠገበ ሣር። ሥሩ እንደ ሻይ ቅጠል ጥቁር ነገር ዘቅጧል። ያምራል፣ አለችና አለፈች።

ጥግ ላይ የሆነ ነገር ሸተታት፤ የተቃጠለ ላስቲክ።

«የሆነ ሽቦ እየነደደ ነው» አለች።

ቴክኒሻኑ ሮጦ ነቀለው። ከቁመቱ የተነሳ «ቀጭኔ» የሚሉት ወጣት ነው። «ዶክተራችን አይሸተውም» አለ። «የዛሬ ዓመት በያዘው ጉንፋን አፍንጫው ጡረታ ወጥቷል። ቤቱ ቢነድ የምነግረው እኔ ነኝ።»

«ሥራህን ሥራ» አለው ዶክተሩ።

መርማሪው ወደ ቀጭኔ ዞረ። ዝግ ብሎ።

«የፋብሪካው በረኛ ትናንት ስትወጣ አይቶሃል። በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዘህ ነበር።»

የቀጭኔ አንገት ወረደ።

«ምን ነበር?»

«ቁራጭ።»

«የምን ቁራጭ?»

«ሙሽሪት ከተቆረጠችበት ጥቅል የተረፈ። ልባስ የሌለው፣ ባዶ ኒኬል።»

«ለምን ሰረቅህ?»

«የተጣለ ነገር ይሰረቃል እንዴ?»

«ካልተሰረቀ ለምን ተደበቀ?»

ቀጭኔ ዶክተሩን በጎን አየው። «ሌላ ቦታ ሥራ ጠይቄአለሁ። የራሴን ልባስ ሞክሬ ልሄድ ነበር። እሱ ቢያየኝ ይስቅብኛል ብዬ ነው።»

ዶክተሩ አልሳቀም። መስኮቱን ያያል።

ቁራጩን ከቀጭኔ ቤት አስመጡት። መርማሪው በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አገላበጠው። «እቺ ሙሽሪት አለመሆኗን በምን አውቃለሁ? ለኔ ሁሉም ወንፊት ነው።»

«መጀመሪያ ምን እንደምትሠራ ላሳይዎት» አለ ቀጭኔ። ነፍሱን ለማዳን ቸኩሏል። ፖታሽ በጠበጠ፤ ቁራጩን ቆንጥጦ አንጠለጠለ፤ ማብሪያውን ተጫነ። ግራጫው ብረት ጠቆረ። «አያችሁ? ኤሌክትሪኩን ስትጠጣ ትጠቁራለች። ጥቁረቱ ጉልበቷ ነው። አሁን አልኮል እንስጣት።» ዕቃ ቤቱን ፖሊስ አሽጎታል፤ ስለዚህ ከቁስል ማከሚያው ሣጥን የመድኃኒት ቤት አልኮል አምጥቶ አፈሰሰ። ከዚያ ኤሌክትሪኩን አጠፋ። «እዩ።»

ጥቁሩ መሳሳት ጀመረ። ከጠርዝ ወደ መሃል እንደ ጤዛ ተነነ። አንድ ሲጋራ ተጨስቶ ሳያልቅ ብረቱ ወደ ገረጣ ቀለሙ ተመለሰ።

«ምን ነካት?» አለ መርማሪው።

«ጉልበቷን አልኮሉ ላይ ጨረሰች። ኤሌክትሪኩ ካልተከተላት ባዶዋን ትቀራለች።»

«ጥሩ። እኔ የጠየቅሁት ግን ሙሽሪት መሆን አለመሆኗን ነው።»

«ልባሱ ውስጥ ምን ምን አለ?» አለች የእህት ልጅ።

«ጥቂት የከሰል ዱቄት ይገባበታል፤ ብረቷን አያጠቁርም» አለ ቀጭኔ።

ከሰል አሲድ ውስጥ አይሟሟም። ኒኬል ይሟሟል፤ ሙሽሪት ከሆነች ሥሩ ላይ ጥቁር ይቀራል። ከቁራጩ ጥግ ትንሽ ቆርጣ ብርቱ አሲድ ያለበት ጠባብ ብርጭቆ ውስጥ ጣለችው። አረፋ ደፈቀ። ቡናማ ጭስ ወደ ጭስ ማስወጫው ተሳበ። ብረቱ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄዶ ጠፋ። የቀረው ፈሳሽ ብቻ ነው፤ ጥርት ያለ፣ ሥሩ ምንም የሌለው፣ አረንጓዴ።

ዝናብ እንደጠገበ ሣር።

እጇ ባለበት ቀረ። ቀና ብላ መደርደሪያውን አየች።

«ዶክተር» አለች። «ያ ጠርሙስ ምንድነው?»

«የቱ?»

«አረንጓዴው። ሥሩ ጥቁር የዘቀጠበት።»

መርማሪው ጠርሙሱን አነሳና መስኮቱ ላይ ያዘው። አረንጓዴ ብርሃን ፊቱ ላይ ወደቀ። ወዘወዘው። የከሰል ዱቄቱ ተነስቶ ዞረ፣ ዞረ፣ መልሶ ተኛ።

«ላም ባልዋለበት ኩበት ስለቅም ነው የዋልኩት» አለ። «ሙሽሪት ከቤት አልወጣችም። ይቀመጡ ዶክተር።»

ዶክተሩ ተቀመጠ። የሸሚዙን የላይኛውን ቁልፍ ፈታ።

«የገዛ ንብረትዎን?»

«ሞታ ነበር» አለ ዶክተሩ።

«ይንገሩኝ።»

«በፊት ትሠራ ነበር፤ ውሸት አልነበረም። ከዚያ የምታወጣው አሲድ ቀነሰ። ደግሞ ቀነሰ። ዝናቡ ካቆመ ወዲህ ጭራሽ ምንም። ውኃውን ወደ ጋዝ ትሰነጥቃለች እንጂ አልኮሉን አትነካም። አጠብኳት፤ አሞቅኳት፤ ለመንኳት። ለባለቤቶቹ ግን በየወሩ ‹ደህና ናት› እላለሁ። ነገ መጥተው ሬሳ ሊያዩ ነው።» ፊቱን በመዳፉ አሸው። «የወደቀበትን ሰው ይስቁበታል። የተሰረቀበትን ግን አይዞህ ይሉታል። ጣቢያ የሚወስዱት ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብኩም። አስቤ ከሆነም፣ ይለቁታል አልኩ።»

«ለሥራ አስኪያጇ ፎቶ ከላኩ በኋላ ነው አሲድ ውስጥ የጨመሯት?»

«እሷ ‹ጎበዝ› ብላ ስትመልስልኝ ነው የጨመርኳት።»

መርማሪው ደብተሩን ዘጋ። ወደ እህት ልጅ ዞረ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ያለ መሰለ። «አጎትሽ ዛሬ ቤቱ ያድራል።»

*

ደስ ሊላት ይገባ ነበር።

ቀጭኔ ከፊት ወጣ። ዶክተሩ መርማሪው አጠገብ ኮቱን ሊለብስ እጅጌውን ይፈልጋል። እሷ ግን ጠረጴዛው ላይ የቀረውን ስልክ ታያለች። ስክሪኑ አልጠፋም። ሙሽሪት እንደ ከሰል ጠቁራ፣ የሳጥኑ መብራት ጠፍቶ።

ጥቁር። ኤሌክትሪኩ ጠፍቶ፣ ቆይቶ፣ አሁንም ጥቁር።

ቅድም የቀጭኔ ቁራጭ ዓይናቸው ሥር ገርጥቷል። አልኮል ካለ ይገረጣል። ምንም ልባስ የሌለው ቁራጭ እንኳ ይገረጣል። ታዲያ ሙሽሪት ያልገረጣችው ምን ውስጥ ተቀምጣ ነው?

ዶክተሩ ይህን ያልተረዳው ጥቁር ሆና ማየት ስለለመደ ነው። ለወራት እንደዚያ ነው ያያት። ዓይን የለመደውን አይጠይቅም።

አልሞተችም ነበር። የምትበላው አልቀረበላትም።

ከዚያ በላይ ማሰብ አልፈለገችም። ሐሳቡ ግን ሳትጠራው መጣ። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ። የሚንቀጠቀጥ ማንኪያ። ላቡ። ትንሽ ሸለብ አርጎኛል፣ እናቴ። ቅርንፉዱ።

መርማሪው በሩን ይዞ ይጠብቃል። ዝም ብትል ያልቃል። ጥፋተኛው ተገኝቷል፤ አምኗል። አጎቷ ጥርሱን የሚያመው ምስኪን ሆኖ ቤቱ ይገባል። የአልኮሉን ጄሪካን ነገ አንድ ሰው ይደፋዋል። ማንም አይጠይቅም።

ዶክተሩ የኮቱን እጅጌ አጣው። ቀኝ እጁን በግራው ሊያስገባ ይታገላል። ይህ ሰው እስኪሞት ድረስ ሙሽሪትን የገደላት የራሱ አለማወቅ እንደሆነ አምኖ ይኖራል።

«አንድ ጊዜ» አለች። ድምጿ ከማን እንደወጣ አላወቀችውም። «ዕቃ ቤቱን ክፈቱልኝ።»

መርማሪው ማሸጊያውን ቀደደ። ጄሪካኑ ጥግ ላይ ነው፤ ሙሉ፣ ከባድ። ክዳኑን ከፈተች። አፍንጫዋን አስጠጋች። ምንም። ሙሽሪት በነበረችበት ዓይነት ብርጭቆ ፖታሽ በጠበጠች፤ ከጄሪካኑ ቀዳች፤ የቀጭኔን ቁራጭ አንጠልጥላ አጠቆረችው። አጠፋች። ጠበቁ።

ጥቁር። አሁንም ጥቁር።

ዶክተሩ መጀመሪያ ብረቱን አየ። ከዚያ ጄሪካኑን። ከዚያ ስልኩን። ግድግዳውን ተደገፈ።

«ውኃ ነው» አለች። «ስትሰጧት የኖራችሁት ውኃ ነው። አልሞተችም ዶክተር። ተርባ ነበር።»

«ራሴን ጠረጠርኩ» አለ፤ እየተንሾካሾከ። «እሷን ጠረጠርኩ። ኤሌክትሪኩን ጠረጠርኩ።»

«ጄሪካኑንስ?» አለ መርማሪው።

«ጄሪካን ምን ተብሎ ይጠረጠራል?»

መርማሪው እሷን አያት። ቀስ ብሎ።

«ቁልፉ የማን ነው?» አለ፤ መልሱን እያወቀ።

«የአጎቴ» አለች።

*

የጣቢያው መተላለፊያ ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር ብቻ ነው ያለው። ዶክተሩና ዘበኛው እዚያ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። የማያውቃቸው ሰው ቢያልፍ ኳስ ሊያዩ የመጡ ጎረቤታሞች ይመስሉታል።

«ስንት ምሽት አጠገቤ ተቀምጠሃል» አለ ዶክተሩ። «ምንም አልሸተተኝም።»

«አውቃለሁ ጌታዬ።»

«ታዲያ ቅርንፉዱን ለማን ነው የምታኝከው?»

ዘበኛው የእህቱን ልጅ አያት። እሷ የመርማሪው ጠረጴዛ አጠገብ ቆማለች፤ መጣችና ፊቱ ተንበረከከች።

«መቼ ነው የጀመርክ ጋሼ?»

«ለበጋው እመጣለሁ ብለሽ የቀረሽ ጊዜ።» እጁን በእጁ ያዘ፤ አልረጋለትም። «አንድ ጉንጭ ነው የቀመስኩት። ከዚያ ደግሞ ‹ለሚቀጥለው› አልሽ። የላከሽ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይልክብኛል፤ ‹የዋስህባት ልጅ የት አለች› ይሉኛል። ትመጣለች እላለሁ። እየማልኩ ማታ ማታ እቀምሳለሁ። ስትመጪማ ልተወው ነበር። አልተወኝም።»

«ውኃውስ?»

«ጄሪካኑ እንዳይቀልባቸው ብዬ። ለብረት ምን ያደርግለታል፣ እሷ ነፍስ የላት አልኩ።» ወደ ዶክተሩ ዞረ። «ይማሩኝ።»

«እኔም ለፖሊስ ሰጥቼህ ነበር» አለ ዶክተሩ።

የመርማሪው ጠረጴዛ ላይ አረንጓዴው ጠርሙስ ተቀምጧል። ዶክተሩ ዓይኑን ከዚያ አላነሳም። «ኒኬሉ እኮ አልጠፋም» አለ ድንገት። «እዚያው ውስጥ ነው። ኤሌክትሪክ ቢሰጡት ተመልሶ ብረት ላይ ይለጠፋል። ጠርሙሱን ብትሰጡኝ...»

«ማስረጃ ነው» አለ መርማሪው። «ፍርድ ቤት እስኪያየው አይነካም።» ጠርሙሱን አንስቶ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈባት። ትንሽ አሰበና፣ «ነጭ ጨርቅ ነው ያላችሁት?» ብሎ መሀረቡን አወጣ፤ ሣጥኑን መልሶ ከፍቶ አለበሳት።

ከዚያ ወደ እህት ልጅ ዞረ። «አጎትሽ የአልኮሉ ክስ አለበት። ዋስ ካለው ግን ዛሬ መውጣት ይችላል። ዋሱ እሱ የትም እንዳይሄድ የሚጠብቀው፣ ስንጠራው ይዞት የሚመጣ ነው። ዋሱም ራሱ ከከተማ አይወጣም። ማን አለው?»

አልጋዋ ሥር ያለው ሻንጣ ትዝ አላት። እስክሪብቶውን ከእጁ ተቀበለች።

ስትፈርም አጎቷ ተነሳ። ኪሱን ገለበጠ። የቀረውን ቅርንፉድ ሁሉ፣ ከኪሱ ጥግ ያለውን ደቃቁን ሳይቀር፣ መዳፏ ላይ አራገፈው።